የአፍ ውርስ

ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት ብዙ ዓይነት ነው። መሬት የሚያወርስ አለ፤ ቤት የሚያወርስ አለ፤ ምንም የሌለው ደግሞ ስሙን ያወርሳል። መሬቱና ቤቱ በምስክር ፊት ይጻፋል፥ ወንድማማችም ዳኛ ፊት ይካሰስበታል። ቋንቋ ግን ኑዛዜ አይጻፍለትም። አባት ሳይሰጠው ቢቀር ልጁ አይከሰውም፤ ሲጠፋም ድንኳን ተክሎ የሚያለቅስለት የለም። እኔ በዚህ ነገር ማሰብ የጀመርሁት ከመጽሐፍ ተነሥቼ አይደለም። በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከአጠና ተራ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፥ በአንድ ጎረቤቴ ቤት ካየሁትና ከሰማሁት የተነሣ ነው። ነገሩ ከኮልፌ አስነሥቶ እስከ ፊሊፒንስ ደሴቶች ስለ ወሰደኝ አንባቢ ታግሦ እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ትውልዳቸው ስልጤ ነው። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው መጀመሪያ ጫማ ጠረጉ፤ ኋላ ሱቅ በደረቴ ይዘው ዞሩ፤ ዛሬ የባሕር ዛፍ አጠናና ማገር ይሸጣሉ። አራት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ አራቱም የሚናገሩት አማርኛ ነው። ትልቂቱ ልጃቸው ወደ ቤይሩት ሄዳ በሰው ቤት 6 ዓመት ከሠራች በኋላ ተመልሳለች። የፊሊፒንስን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዋ ነው።

በቤይሩት ከምትሠራበት ፎቅ ፊት ለፊት ባለው ቤት አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ታገለግል ነበር። ልብስ ለማስጣት ወደ ሰገነት በወጡ ጊዜ፥ ሁለቱም እዚያው በተማሩት በተሰባበረ ዓረብኛ ይነጋገሩ ነበር። የፊሊፒንሲቱ በዕድሜ ትበልጣለችና ልጂቱ «አቴ» ብላ እንድትጠራት ነገረቻት፤ በአገርዋ ታላቅ እኅት እንደዚያ ትባላለች። ልጂቱም «በእኛ አገር እቴ ይባላል» ብላት ሁለቱም ሳቁ። ለነገሩ ዝምድና የለውም። የእነርሱ «አቴ» ከቻይናዎች የመጣ ቃል ነው ይላሉ። ነገር ግን በባዕድ አገር ላለ ሰው እንዲህ ያለ መመሳሰልም ከእንጀራ አያንስም።

ልጂቱን ያስደነቃት ሌላ ነው። ያቺ ሴት ለእመቤትዋ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ከአገርዋ ሴቶች ጋር በታጋሎግ ትጫወታለች፤ ማታ ወደ እናትዋ ስትደውል ግን አነጋገርዋ ይለወጣል። «ይህስ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቃት፥ «ይህ ቢሳያ ነው፤ እኔ የሴቡ ሰው ነኝ። ለእናቴ በታጋሎግ ብናገራት ምን ሆንሽ፥ ታመምሽ ወይ ትለኛለች» ብላ መለሰችላት። ልጂቱ ይህን ስትነግረኝ፥ «ጋሼ፥ እኔኮ አያቴን በስልክ ደኅና ነሽ ብዬ መጠየቅ አልችልም» አለችኝና ዝም አለች።

ኢትዮጵያውያንና የፊሊፒንስ ሰዎች ከዚህ ቀደምም ተገናኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በኮርያ ጦርነት የፊሊፒንስ ጦር በ1950፥ የእኛ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ደርሰው በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተዋግተዋል። ያን ጊዜ የተገናኙት ወንዶች ነበሩና ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል። ዛሬ በሰው ማእድ ቤት የሚገናኙትን ሴቶች ታሪክ የሚጽፍ ግን ብዙ አይገኝም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ስለዚያች አገር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ፊሊፒንስ ከ7 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሉባት አገር ናት፤ ከ170 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገሩባታል። ስምዋን ያገኘችው ከእስፓኝ ንጉሥ ከፊሊፕ ነው፤ ስለዚህ የአገሩ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚጠራው በባዕድ ንጉሥ ስም ነው። ማጄላን በ1521 በሴቡ አጠገብ ባለችው በማክታን ደሴት ከላፑላፑ ሰዎች ጋር ተዋግቶ ሞተ። እስፓኞች ግን በ1565 ተመልሰው መጥተው እስከ 1898 ገዙ። በዚያ ዓመት የአገሩ ሰዎች ነጻ ወጥተናል ብለው ቢያውጁም፥ እስፓኝ አገሪቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ለቀቀች። ሕዝቡን ማንም አልጠየቀውም።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው የጽሕፈታቸው ነገር ነው። ከእስፓኞች በፊት ባይባዪን የሚባል ፊደል ነበራቸው፤ አሠራሩም የእኛን ይመስላል። እኛ «ከ» ብለን ቅርጹን ጥቂት ለውጠን «ኩ»፥ «ኪ» እንደምንል፥ እነርሱም «ባ» የሚለውን ጽፈው ከራስጌው ኩድሊት የምትባል ትንሽ ምልክት ሲያደርጉበት «ቢ» ወይም «ቤ»፥ ከግርጌው ሲያደርጉበት «ቡ» ወይም «ቦ» ይሆንላቸዋል። ፊደሎቹ 17 ብቻ ነበሩ። የጎደላቸው ሳድስ ነው። ተራራ በታጋሎግ «ቡንዶክ» ይባላል፤ በጥንቱ አጻጻፍ ግን «ቡዶ» ተብሎ ይጻፍና «ን»ንና «ክ»ን አንባቢው ከልቡ ይሞላ ነበር። በ1620 ገደማ አንድ የእስፓኝ ቄስ ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ብሎ የመስቀል ምልክት ጨመረ፤ የአገሩ ጸሐፊዎች ግን ብዙም አልወደዱለትም። በዚህ ልንስቅባቸው አይገባም። እኛም «አለ» የሚለውን ስንጽፍ ላልቶ ይሁን ጠብቆ ይነበብ ለአንባቢው ልብ ትተንለት እንኖራለን።

በ1593 በማኒላ ስለ ክርስትና ትምህርት የታተመ አንድ መጽሐፍ አለ፤ በእስፓኝኛና በታጋሎግ ሆኖ ታጋሎጉ በላቲንና በባይባዪን ተጽፏል። የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በሮም ከታተመ 80 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ፊደሎች የኅትመት መኪና ገና ልጅ ሳለ በወረቀት ላይ ታይተው ነበር። የእኛው እስከ ዛሬ ጋዜጣ ይታተምበታል፤ የእነርሱ ግን ከ150 ዓመት በኋላ ከታጋሎግ አገር ጠፋ ለማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው መነኮሳቱ መጻሕፍቱን አቃጥለው ፊደሉን አጠፉት ይላል። ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይሉም። መነኮሳቱ ራሳቸው ሲያትሙበት የነበረ ፊደል ነውና። ሕዝቡ በባይባዪን የሚጽፈው አጭር ደብዳቤና ግጥም ነበር፤ የመሬት ውል፥ የፍርድ ቤት አቤቱታ፥ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሁሉ በላቲን ሆነ። በላቲን የጻፈ ሥራ አገኘ፥ ሙግቱንም ረታ። አባትየው ለልጁ የሚጠቅመውን መረጠለት፤ ልጁም የልጁን መረጠ፤ ፊደሉ ያለ ጩኸት አለፈ። ዛሬ ያ የጽሕፈት ዘር በሕይወት የሚገኘው መንግሥቱም ገበያውም ባልደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ነው፤ በሚንዶሮ ደሴት በሀኑኖኦና በቡሂድ ማንግያን፥ በፓላዋንም በታግባንዋ ዘንድ ይጻፋል። ሀኑኖኦዎች በቢላዋ ጫፍ በቀርከሃ ላይ ፈልፍለው አምባሀን የሚባል ግጥማቸውን ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሰባት ሰባት ቀለም አለው።

በእነዚህ ሰዎች መካከል ብዙ ዘመን የኖረ አንቶን ፖስትማ የሚባል የሆላንድ ሰው ነበር። በ1989 ገደማ በላጉና አውራጃ ከአንድ ወንዝ አፍ አጠገብ የመዳብ ጽሕፈት በተገኘ ጊዜ ያነበበው እርሱ ነው። ጽሕፈቱ የ900 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቋንቋው የጥንት ማላይኛ ነው። የሚናገረውም የንጉሥ ድል ወይም የጦርነት ወሬ አይደለም። ናምዋራን የተባለ ሰው የነበረበት የወርቅ ዕዳ እንደ ተሰረዘለትና ልጆቹም ከዚያ ዕዳ ነጻ መሆናቸውን የሚመሰክር ደረሰኝ ነው። የአገሪቱ ቀን ያለው የመጀመሪያ ጽሕፈት፥ አባት ዕዳውን ለልጆቹ እንዳያወርስ የተሰጠ ወረቀት ሆኖ መገኘቱ እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

የስም ነገርም አለ። በ1849 ክላቬሪያ የሚባለው የእስፓኝ ገዥ ለግብር መዝገብ እንዲመቸው ሲል የቤተ ሰብ ስም በዝርዝር አሳትሞ ለየከተማው አከፋፈለ። ሹማምንቱም አንዱን ቅጠል ለአንዱ ከተማ ስለ ሰጡ፥ በአንዳንድ ቦታ የሰዉ ስም ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምር ሆነ። ሰው አያቱን ትቶ ከመዝገብ ላይ ተወለደ ማለት ነው። እኛ በአባታችን ስም መጠራታችን ለቢሮ ጸሐፊ ቢያስቸግርም፥ ይህን ሳነብ ልማዳችንን ይበልጥ ወደድሁት።

ስለ ጀግናቸው ስለ ሆሴ ሪሳል ካልተናገርሁ ግን ዋናው ነገር ይቀራል። ሪሳል ሐኪምና ደራሲ ነበር። የአገሩን መከራ የሚያሳየውን መጽሐፉን በ1887 በበርሊን አሳተመ፤ በ1896 ታኅሣሥ ወር መጨረሻ እስፓኞች በማኒላ በጥይት ገደሉት። በ1956 የወጣ ሕግ የአገሩ ተማሪ ሁሉ ሕይወቱንና መጽሐፎቹን እንዲማር ያዛል። ነገር ግን የጻፈው በእስፓኝኛ ነው። ከእስፓኝ በኋላ አሜሪካ ገዛ። በ1901 ቶማስ በምትባል መርከብ 500 ያህል መምህራን መጥተው ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ እስፓኝኛም ቀስ በቀስ ተረሳ። ስለዚህ ዛሬ የፊሊፒንስ ልጅ የሞተለትን ሰው ቃል የሚያነበው በትርጉም ነው። ሪሳል ራሱ በእናቱ ቋንቋ በታጋሎግ አንድ ልብ ወለድ ጀምሮ ነበር፤ አልሆነለትም፤ ተወው። እንዲህ ያለ ብዕር የነበረው ሰው በልጅነቱ አፉን በፈታበት ቋንቋ መጻፍ ሲያቅተው፥ ያቃተው አእምሮው አልነበረም። ያ ቋንቋ በተማረበት ቤት ወንበር ተሰጥቶት ስለማያውቅ ነው።

በ1937 ታጋሎግ የብሔራዊው ቋንቋ መሠረት እንዲሆን ታወጀ፤ ዛሬ ፊሊፒኖ የሚባለው እርሱ ነው። የሴቡ ሰዎች «እኛስ?» ማለታቸው አልቀረም፤ ቋንቋቸውን የሚናገረው ሕዝብ ከ15 ሚሊዮን በላይ ነውና። ከ2012 ጀምሮ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በእናታቸው ቋንቋ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር፤ በ2024 የወጣ ሕግ ደግሞ ይህን ግዴታ አነሣው። መጽሐፍ የለም፥ የሠለጠነ መምህር የለም፥ በአንድ ክፍል ብዙ ቋንቋ አለ የሚል ምክንያት ቀርቧል። እኛም በአገራችን ይህንኑ ክርክር ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ስንሰማ ኖረናልና ለማንም እንግዳ አይሆንበትም።

የሴቡይቱ ሴት ቋንቋ እንግዲህ በምን ቆየ? የመንግሥት አዋጅ አላቆየውም። ትምህርት ቤቱ ለረጅም ዘመን እንግሊዝኛ ብቻ ይፈልግ ነበር፤ በብዙ ትምህርት ቤትም ልጅ በአገሩ ቋንቋ ሲናገር ከተሰማ ሳንቲም ይቀጣ ነበር። የቆየው እናትዋ ማታ በምድጃ አጠገብ በሌላ ቋንቋ ስላላናገረቻት ነው። ለቃሉ የሚገባው ነገርም በፊትዋ ነበረ። በታጋሎግ ሩዝ በእርሻ ሳለ «ፓላይ»፥ ተወቅጦ ጥሬውን ሳለ «ቢጋስ»፥ ሲበስል «ካኒን» ይባላል። እኛ የከተማ ሰዎች ሦስቱንም ሩዝ ብለን እናልፋለን፤ ገዝተን እንጂ ዘርተን አናውቀውማ።

ይህን ሁሉ አንድ እሑድ ከሐጂ ጋር ሻይ ስንጠጣ አነሣሁላቸው። እርሳቸውም ሳይቈጡ እንዲህ አሉኝ። «ሱቅ በደረቴ ይዤ ስዞር ያን ጊዜ አማርኛዬ የተሰበረ ነበር። አንድ ቃል በተናገርሁ ቍጥር ልጆች ተከትለው እየደገሙ ይስቁብኝ ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ስጠኝ ማለት ፈርቼ በጣቴ ያመለከትሁበት ቀን አለ። ልጆቼ በዚያ መንገድ አይሄዱም ብዬ ማልሁ። ይህ ጥፋት ነው እንዴ ጋሼ?»

ጥፋት ነው ለማለት አንደበት አልነበረኝም። እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ በሄድሁበት ሁሉ ቋንቋዬ ቀድሞኝ ደርሶ ይጠብቀኛል። በዚህ ነገር አንዳች ያልከፈለ ሰው ለከፈለው ሰው መካሪ ሊሆን አይገባውም። አማርኛም በራሱ የበደለው ነገር የለም፤ የሳቁት ልጆች ናቸው። ደግሞም የሐጂ አሳብ የታጋሎግ አባቶች አሳብ ነው፤ ልጁን የሚወድ አባት አሳብ ነው። የሚያስፈራውም ይህ ነው። ጠላት የሚወስድብህን ዘብ ቆመህ ትጠብቃለህ፤ በፍቅር የምትጥለውን ግን ማን ይጠብቅልሃል?

ባለፈው ክረምት የሐጂ እናት ከስልጤ አገር መጡ። ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ነው፤ አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ቀን ሐጂ ለሥራ ወጥተው ሳለ አያቲቱ ታመሙና ትንሺቱ የልጅ ልጃቸው፥ የ14 ዓመት ልጅ፥ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የቱ ላይ እንዳመማቸው ጠየቀ። አያቲቱ አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር ተናገሩ፤ መቼ እንደ ጀመራቸው፥ ሌሊት እንዴት እንደሚያደርጋቸው ሳይነግሩት አልቀሩም። ልጂቱ ግን ፊታቸውን እያየች ቆየችና «ሆዴን ነው የምትለው መሰለኝ» አለች። በማግሥቱ ሐጂ ራሳቸው ይዘዋቸው ሲሄዱ የታመመው ጎናቸው፥ ከጡታቸው ሥር መሆኑ ታወቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ክፉ በሽታ አልነበረም። ነገር ግን ልጂቱ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም። አያቲቱም «ይህች ልጅ የማን ናት?» ብለው በስልጥኛ ሐጂን እንደ ጠየቁ፥ እርሳቸው ራሳቸው ቀስ ብለው አጫወቱኝ። አፋቸው ነው እንጂ ልባቸው እንደዚያ አላለም፤ ነገር ግን ተብሏል።

ከዚያ ወዲህ ከቤይሩት የተመለሰችው ልጅ ደብተር ገዝታ ከሰዓት በኋላ ከአያትዋ ጋር በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምራለች። ትንሺቱም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ቃሉን የምትጽፈው በፊደላችን ነው። ስልጥኛ በፊደል መጻፉ አዲስ ነገር አይደለም፤ በራሱ ዞን በትምህርት ቤት ይሰጣል። የቤተ ሰቡ የሆነው የጉራጌኛው ቸሃም እንዲሁ ተጽፎበታል፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በ1964 ወጥቷል። በኮልፌ ግን ስልጥኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በረንዳው ነው።

የጀመሩት ከእንሰት ነው፤ አያቲቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፋቁት እርሱን ነውና። እኛ የከተማ ሰዎች ቆጮ፥ ቡላ፥ አሚቾ ብለን እንጨርሳለን፤ እነዚህንም ቢሆን ከዚያው አገር የተዋስናቸው ናቸው። አያቲቱ ግን ገና የቅጠሉን፥ የግንዱን፥ የጕድጓዱን፥ የየዓመቱን ተክል ስም እየለዩ ሲቆጥሩ ሁለቱ ልጆች ጽፈው መከተል አቃታቸው። ለመፋቂያው ቀርከሃ ስም ሲጠይቁአቸው አያቲቱ ጥያቄው አልገባቸውም፤ ልጆቹ በእጃቸው እየፋቁ ቢያሳዩአቸው ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። ሐጂ ከሥራ ገብተው ጫማቸውን በራፍ ላይ እያወለቁ ነበር። ቃሉን እርሳቸው ተናገሩት፤ ትንሺቱም «አባዬ፥ እንደገና» አለቻቸው።

አሁን ያስቸገራቸው ነገር አንድ ነው። ስልጥኛ አንዱን አናባቢ አንዳንዴ አሳጥሮ፥ አንዳንዴ አርዝሞ ይጠራዋል፤ በዚያም ትርጕሙ ይለወጣል። ልጂቱ በተማረችው ፊደል ይህን መለየት አልቻለችም፤ ያነበበችውን ሁሉ አያትዋ ያርሙአታል። ስለዚህ ረዥም ለሆነው ድምፅ ከፊደሉ ራስጌ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ጭረት ማድረግ ጀምራለች። ማን እንዳሳያት ብጠይቃት «ማንም፤ እንዲሁ እንዳይጠፋብኝ ነው» አለችኝ። ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት፤ 11ኛው ገጽ ላይ ደርሳለች፤ ከግማሹ በላይ ቃል ቀይ ምልክት አለበት።